ያውቁ ኖሯል? ክሩዋሳንና የይፋት ሙቀት

ፈረንሳዊው ተጓዥ ሮሼ ዴሪኩር እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ ሸዋ ሲመጣ፣ አሊዩ አምባ የአሳል ሐይቅ ጨው የሚራገፍባት የሲራራ ነጋዴ ገበያ ነበረች። ዛሬ የምናውቀው ንብርብሩ ክሩዋሳን ግን ያኔ ፓሪስም አልነበረም! አባቱ ኪፕፈርል የተባለው የቪየና ዳቦ ሲሆን፣ ኦስትሪያዊው አውጉስት ዛንግ ፓሪስ ላይ ዳቦ ቤት የከፈተው በዚያው ሰሞን ነው።

ለክሩዋሳኑ ቅቤ የተጠቀለለበት ሊጥ ሦስት ጊዜ ሦስት ቦታ ሲታጠፍ 27 የቅቤ ንብር ይወጣዋል፤ ስድስት ጊዜ ከታጠፈ 729። ምድጃ ውስጥ የሊጡ ውሃ ተንኖ ንብሮቹን ያነሳቸዋል። ቅቤው አስቀድሞ ከቀለጠ ግን ያው ቅባት የበዛበት ዳቦ ነው።

ስለዚህ በሞቃታማው ይፋት፣ ሸዋ ሮቢት ላይ በቀትር መሞከር ልፋት ነው። ጎህ ሳይቀድ ይጀምሩ፤ በየእጥፉ መሃል ሊጡን ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ያስገቡ። አንኮበር ላሉት ብርዱ ራሱ ያግዛል። በኮሰረት የተነጠረውን ቅቤ አያባክኑት፣ ቦታው ዶሮ ወጥ ነው፤ የገበታ ቅቤ ይግዙ። ቅቤው ሲያጎብጡት ሳይሰበር ከታጠፈና ጣት ላይ ካልተጣበቀ፣ ለመጠቅለል ደርሷል።