«በቪአር ሰልጥኗል» ሲባል ማን ምን ቻለ?

በየግሩፑ የሚዞረውን ቪዲዮ አይታችሁታል፤ መነፅር ያጠለቀ ወጣት አየር ላይ እጁን ያንቀሳቅሳል፣ ከሥሩ «ከእንግዲህ ሐኪም በሰው ላይ አይለማመድም» ይላል። ዛሬ እናቱን ለሐሞት ጠጠር ያመጣ ልጅ ይህንኑ አሳየኝና «ዶክተር፣ እማዬን የሚሠራት በዚህ የተማረ ነው?» አለኝ። ፈርቷል። እንዲህ ያለውን ወሬ የምትለጥፉ ሰዎች ታካሚ እያስፈራችሁ ነው።

1. ሲሙሌተር ይሠራል። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ የየል ዩኒቨርሲቲ ጥናት 16 ሬዚደንቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በቪአር (ቨርቹዋል ሪያሊቲ) አሰለጠነ፤ ከዚያ ሁሉም እውነተኛ ሐሞት ከረጢት በላፓሮስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳ፣ በካሜራ እያዩ) ሲያወጡ ተቀረጹ። የሰለጠኑት ከጉበት የመለየቱን ሥራ 29 በመቶ ፈጥነው ጨረሱ። ሐሞት ከረጢቱን መጉዳትና ያልታሰበ ሥጋ ማቃጠል ባልሰለጠኑት ላይ አምስት እጥፍ ነበር።

2. የዚያ ጥናት ስልጠና ግን ያበቃው ሬዚደንቱ ልምድ ያላቸው ቀዶ ሐኪሞች በዚያው ማሽን ያስመዘገቡት ውጤት ላይ ሲደርስ ነው። ሰዓት አልተቆጠረም። ሁሉም የሚዘለው ይህን ነው!

እኛ ጋ ስልጠና ማለት ሁለት ቀን፣ አበል፣ ሰርተፊኬት፣ የቡድን ፎቶ ነው። ማን ደረጃው ደረሰ፣ ማን አልደረሰም የሚል አንድ ወረቀት አይገኝም። ላፓሮስኮፒ ላይ እጀታውን ወደ ቀኝ ስትገፋው ጫፉ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ጥልቀቱን ደግሞ ከጠፍጣፋ ስክሪን ነው የምትገምተው። አንዱ እጅ ይህን በአንድ ሳምንት ይለምዳል፣ ሌላው ወር ይፈጅበታል። ለሁለቱም እኩል ሰርተፊኬት መስጠት በታካሚ ላይ መፍረድ ነው።

3. መነፅሩ ቅደም ተከተልና አናቶሚ ያስጠናል። ክር ሲጠብቅ ሥጋው ምን ያህል እንደሚችል ግን በተራው የጨዋታ ኮንትሮለር አይታወቅም። ለዚያ የመለማመጃ ሣጥን አለ።

ሣጥኑን ካነሳሁ አይቀር፦ የአሜሪካ የቀዶ ሕክምና ቦርድ ለዓመታት ግዴታ አድርጎ የኖረው የኤፍኤልኤስ (የላፓሮስኮፒ ቀዶ ሕክምና መሠረታዊ ክህሎት) ፈተና የእጅ ክፍሉ የሚሠራው ካሜራ በተገጠመለት ሣጥን ውስጥ ነው፤ ቀለበት ማዛወር፣ ጋውዝ መቁረጥ፣ ክር መቋጠር። የዚህን ዓይነት በካርቶንና በስልክ ካሜራ እንሥራ ብለን ደብዳቤ ጽፈናል፣ መልስ የለም። ውዱ የቪአር ማሽን ግን ተገዛ፣ ሪባን ተቆረጠለት፣ ቁልፉ ንብረት ክፍል ገባ። ሬዚደንት ጊዜ የሚያገኘው ማታ ነው፤ ማታ ንብረት ክፍል ሰው የለም።

ኃላፊዎች ይህን ካነበባችሁ፣ ቁልፉን ለቺፍ ሬዚደንቱ ስጡት። የውጤት መዝገብ ክፈቱ። ደረጃው ያልደረሰ ካሜራ ይያዝ፣ መቀሱን አይያዝ፤ የደረሰውም ሲኒየሩ አጠገቡ ቆሞ ይጀምር።