ሦስት ጀሪካን ውሃ የሚያፈላ ቁልቁለት

ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከነጭነቷ 2 ቶን የምትመዝን አሮጌ ሂሉክስ ፒካፕ 1,000 ሜትር ስትወርድ ወደ 20 ሚሊዮን ጁል ጉልበት ትለቃለች። ጉልበቱ ሁሉ ሙቀት ቢሆን 60 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል፤ ሦስት ጀሪካን ማለት ነው። ሞተሩ፣ አየሩና የጎማው ፍትጊያ ያልያዙት በሙሉ ፍሬኑ ላይ ያርፋል። ልምድ ያላቸው ሾፌሮች በሁለተኛ ማርሽ የሚወርዱት ለዚህ ነው።

የሂሉክሷ የኋላ ፍሬን ታምቡር ነው። ታምቡሩ ከጎማው ጋር ይዞራል፤ ውስጡ ጀርባቸው ላይ ሸራ የተለጠፈባቸው ሁለት ግማሽ ጨረቃ ብረቶች አሉ። ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱ ገፍቶ ከታምቡሩ ጋር ያጣብቃቸዋል። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ዱላ ከኋላችሁ ስትጎትቱ መሬቱ ላይ ይንሸራተታል፤ ከፊታችሁ አዘንብላችሁ ስትገፉት ግን መሬቱን ይወጋል። ከሁለቱ ሸራዎች አንዱም እንዲሁ ነው፤ የሚዞረው ታምቡር ራሱ ይስበውና ይበልጥ ያጣብቀዋል። በትንሽ ጉልበት ብዙ ይይዛል፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀውም እሱ ነው።

ይኸው ብልሃት ትንሿን ልዩነትም ያጎላል። የአንዱ ጎማ ሸራ አዲስ፣ የሌላው አሮጌ ከሆነ ፍሬን ሲያዝ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ትስባለች። ስለዚህ ያለቀው አንዱ ብቻ ቢሆን እንኳ የሁለቱም ጎማ ሸራ አብሮ ይቀየራል። ሸራው ወደ 1 ሚሊሜትር ከሳሳ ጊዜው አልፏል።

ሸራውን ልትቀይሩ ስትነሱ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፉ፤ የእጅ ፍሬኑን ፍቱ፤ ክሪክን ብቻ አምናችሁ ከሥር አትግቡ። ታምቡሩ አልወልቅ ካለ በላዩ ባሉት ሁለት ባለጥርስ ቀዳዳዎች ውስጥ ቡሎን እኩል እኩል ማጥበቅ ይገፋዋል። ለዓመታት የተበላ ታምቡር ጠርዙ ላይ ከንፈር ያወጣል፤ ሸራው እሱ ላይ ከተያዘ መጀመሪያ የሸራዎቹን ርቀት ማስተካከያ ማላላት ነው። አንዱን ጎማ ጨርሳችሁ ሳትገጥሙ ሌላውን አትፍቱ፤ የትኛው ሞላ የት እንደነበር የሚያሳያችሁ ያልተነካው ጎን ነው።

አንድ ጋራዥ ውስጥ ረዳቱ ልጅ ታምቡሩን እንዳወለቀ በኮምፕሬሰር አየር ሲነፋው አይቻለሁ። ጥቁር ግራጫው ብናኝ ፊቱ ላይ ቦነነ። እስካሁን ሳስታውሰው ያንገበግበኛል። ብዙ የድሮ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ አለ፤ ሳንባ ውስጥ የገባ ክሩ በቀላሉ አይወጣም፣ ሊያመጣው የሚችለው ካንሰር የሚታየውም ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ብናኙን በሳሙና ውሃ አርጥቦ በጨርቅ መጥረግ ምን ይከብዳል? ጨርቁም በፌስታል ታስሮ ይጣል።

ታምቡሩ ውስጥ የፍሬን ዘይት እርጥበት ከታየ ሸራዎቹን የሚገፋው ሲሊንደር ያፈሳል፤ እሱ ሳይጠገን አዲሱን ሸራ መግጠም ሸራውን ማበላሸት ነው። ብረቱ ከበስተጀርባው ካለው ሳህን ጋር የሚፋተግበት ቦታ ላይ ስስ ግሪስ ይቀባል፤ ሸራው ላይ ግን ጠብታም አትድረስ።

በመጨረሻ ጎማውን በእጃችሁ እያዞራችሁ ማስተካከያውን አጥብቁ። ሸራው ታምቡሩን በስሱ ሲልስ «ሽ…ሽ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ወደ ሌላው ጎማ ሂዱና ያው ድምፅ እስኪመጣ አጥብቁ።