በጥቂት ብር ደንበኛ ማፍራት፦ ለመስቃን አምራቾችና አነስተኛ ነጋዴዎች

ከአዲስ አበባ በአለም ገና አድርጎ ወደ ሆሳዕና በሚያመራው መንገድ ላይ የምትገኘው ቡታጅራ፣ የመስቃንና የአጎራባች ወረዳዎች አርሶ አደር ምርቱን የሚያወጣባት የገበያ ማዕከል ናት። በርበሬ፣ ቆጮ፣ ቅቤና አትክልት በገበያ ቀን ወደ ከተማዋ ይገባሉ። ይሁንና ብዙው ምርት የሚሸጠው ያለ ስም ነው። በርበሬው አዲስ አበባ ሲደርስ «የማረቆ» ወይም «የቡታጅራ» ይባላል እንጂ ማን እንዳመረተውና ማን እንዳዘጋጀው አይታወቅም።

የዚህ ጉዳት ቀላል አይደለም። ገዥው ምርቱን ቢወደው እንኳ አምራቹን ተመልሶ የሚያገኝበት መንገድ የለውም። አምራቹም በቀጣዩ ገበያ ገዥ ፍለጋውን እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ዋጋውን ለመወሰንም ደላላው የበላይ ይሆናል። ስለሆነም ለአነስተኛ ንግድ የማስታወቂያ የመጀመሪያ ዓላማ አንድ ጊዜ የገዛ ሰው ተመልሶ እንዲያገኘው ማድረግ ነው። ይህ ደግሞ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ስም፣ ስልክና ዋጋ

የተፈጨ በርበሬ፣ ሽሮ ወይም ቡላ አሽጋ የምትሸጥ እናት በከረጢቱ ላይ የምትለጥፋት ትንሽ ወረቀት ከትልቅ ሰሌዳ ይልቅ ሩቅ ትጓዛለች። ወረቀቷ የምርቱን ስም፣ ክብደቱን፣ የተዘጋጀበትን ቀን፣ የአዘጋጇን ስምና ስልክ ብትይዝ ይበቃል። በሱቅ ውስጥ ደግሞ ዋጋን ጽፎ መለጠፍ ዓይን አፋሩን ገዥ ያቀርባል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ ያስገድዳል። በመንገድ ዳር ሰሌዳ ለመትከል ያሰበ ግን አስቀድሞ ማዘጋጃ ቤቱን ቢጠይቅ ካላስፈላጊ ወጪ ይድናል።

መስቀልና አረፋ

በመስቀልና በአረፋ ሰሞን በየከተማው የሚኖረው የአካባቢው ተወላጅ ወደ ቀዬው ይመለሳል፤ ሲሄድም የሀገሩን ምርት ይዞ ይሄዳል። እያንዳንዱ ተመላሽ ምርቱን ለጎረቤቱና ለሥራ ባልደረባው የሚያቀምስ አስተዋዋቂ ነው። ለዚህ ሰሞን የሚዘጋጅ አምራች በዓሉ ከመድረሱ ሳምንታት ቀደም ብሎ ለቀድሞ ደንበኞቹ ደውሎ ትእዛዝ ቢቀበል፣ ምን ያህል ማዘጋጀት እንዳለበት ያውቃል።

የእጅ ስልክ

ሁለተኛው ርካሽ መሣሪያ የእጅ ስልክ ነው። በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ገጽ መክፈት በነጻ ነው፤ የሚያስወጣው የኢንተርኔት ጥቅል ብቻ ነው። በቀን ብርሃን የተነሣ አንድ ጥርት ያለ ፎቶ፣ ዋጋው፣ የሚገኝበት ቦታና የማድረሻ መንገዱ ከረጅም ውዳሴ ይልቅ ይሠራሉ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ከሩቅ የሚያዝ ገዥ ቀድሞ እንዲከፍል ያስችላል። ነገር ግን ሻጩ ገዥው የላከለትን የክፍያ ፎቶ ብቻ አይቶ ዕቃ ከመላክ ይልቅ፣ ገንዘቡ በራሱ ሒሳብ መግባቱን አስቀድሞ ሊያረጋግጥ ይገባል።

ወጪን መቁጠር

አዲስ ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ስለ እኛ ከማን ሰሙ?» ብሎ ጠይቆ በደብተር መመዝገብ የትኛው ማስታወቂያ እንደሚሠራ ያሳያል። ለምሳሌ አንዲት ነጋዴ ለወረቀትና ለሕትመት 600 ብር አውጥታ 12 አዲስ ገዥ ብታገኝ፣ አንዱን ገዥ ያገኘችው በ50 ብር ነው። ከአንድ ኪሎ የምታተርፈው 40 ብር ከሆነና ገዥው አንድ ኪሎ ብቻ ገዝቶ ካልተመለሰ 10 ብር ከስራለች። ተመልሶ ሌላ ኪሎ ከገዛ ግን ወጪዋን መልሳ 30 ብር አትርፋለች። ትርፉ ያለው በሁለተኛው ግዥ ነው ማለት ነው።

መታመን

ሁለተኛውን ግዥ የሚያመጣው የምርቱ ጥራት ነው። ክብደት እንዲጨምር ውሃ የተረጨበት በርበሬ በማከማቻ ውስጥ ይሻግታል፤ የሻገተ በርበሬም ለጤና ጠንቅ ነው። ስም የተጻፈበት ምርት ሲበላሽ ስሙም አብሮ ይበላሻል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። በአንጻሩ ገዥዋ «መርቂልኝ» ስትል በጣት ቆንጥራ የምትጨምር፣ ሚዛኗ የማይጎድል ሻጭ በየገበያው ቀን ተፈልጋ ትገኛለች።

በመጪው ገበያ ሥራውን ለመጀመር አንድ ደብተር፣ ጥቂት የስም ወረቀቶችና የተስተካከለ ሚዛን ይበቃሉ። ከዚያ በኋላ ምርቱ በሄደበት ሁሉ የአምራቹ ስምና ስልክ አብሮት ይሄዳል።