ያረጀ ላንድ ክሩዘር ራዲያተርን ስለ መለወጥ

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ እንደ ገና ወደ ደጀን የሚያወጣውን ዳገት፥ ሰውና ዕቃ ጭኖ በዝቅተኛ ማርሽ የሚገፋ አሮጌ ላንድ ክሩዘር፥ ከሚያቃጥለው ነዳጅ ኃይል ወደ ጎማው የሚደርሰው ከግማሽ በታች ስለ ሆነ፥ የቀረውን ሙቀት በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ በኩል ወደ አየር ካልበተነው በቀር ጕዞውን አይፈጽምም። የአገራችን ከፍታ ደግሞ በዚህ ላይ ሌላ ፈተና ይጨምርበታል፤ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላልና፤ አየሩም ስለሚሳሳ ሙቀት የመሸከም ኃይሉ ይጎድላልና።

የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ መስመር በተጠጋ ጊዜ ባለመኪናው ሁሉ አስቀድሞ ራዲያተሩን ይከሳል፤ ክሱ ግን ሁልጊዜ ቅን ፍርድ አይደለም። ቴርሞስታቱ ሳይከፈት ደርቆ፥ ቺንጊያው ላልቶ፥ የውሃ ፓምፑ ደክሞ፥ ወይም የራዲያተሩ ፊት በጭቃና በሣር ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ከሁሉም በፊት ግን ዋጋው ትንሽ የሆነውን ክዳን መመርመር ይገባል፤ ክዳኑ በስፕሪንጉ ኃይል ውሃውን በ0.9 ባር ያህል ግፊት አፍኖ ሲይዘው የሚፈላበትን መጠን 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋልና፥ ስፕሪንጉ ከሞተ ይህ ሁሉ ጸጋ ይጠፋል። ሌላው ሁሉ ጤነኛ ሆኖ ሲገኝ፥ ሞተሩ በሚገባ ሞቆ ከጠፋ በኋላ የራዲያተሩ ገጽ በእጅ ቢዳሰስ፥ አንዱ ክፍል ግሎ ሌላው ቀዝቅዞ ከተገኘ፥ ቀጫጭኖቹ ቱቦዎች በዝገትና በደለል ተዘግተዋልና መለወጡ ግድ ይሆናል።

የቀድሞው ራዲያተር ከመዳብና ከናስ ተሠርቶ በእርሳስና በቆርቆሮ ቅልቅል የተበየደ ሲሆን፥ የዛሬው ከአሉሚኒየም ይሠራና የውሃ ማጠራቀሚያው ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ይሆናል። መዳብ በባሕርዩ ሙቀትን በማስተላለፍ አሉሚኒየምን ይበልጣል፤ ነገር ግን የአሉሚኒየሙ ቱቦ ሰፋ ብሎ ስለሚሠራ፥ አዲሱ በማቀዝቀዝ ከአሮጌው ያንሳል ብሎ መፍረድ ግፍ ነው። እኔ ከአስፋልት ወጥቶ ለሚሄድ መኪና መዳቡን እመርጣለሁ፤ ይህንም የምለው ስለ ጥገናው ነው። መዳቡ ቢያፈስ ብየዳ የሚያውቅ የራዲያተር ሠራተኛ ይደፍነዋል፤ በንዝረትና በዕድሜ ብዛት የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ግን ከከተማ ርቆ ሳለ፥ መኪናውን ከማስጎተት በቀር እምብዛም መድኃኒት የለውም። ሻጩ ባለ 4 ረድፉን ከባለ 3 ረድፉ አብልጦ ቢያመሰግንም ፈጥኖ ማመን አያሻም፤ የኋለኛው ረድፍ የሚያገኘው የፊተኛው ያሞቀውን አየር ነውና፥ ውፍረቱም በዝግታ በሚወጣ መኪና ላይ አየሩን ይገታዋልና።

የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ወደ አዲስ አበባው ሶማሌ ተራ የሚሄድ ሰው አሮጌውን ራዲያተር ይዞ ቢሄድ ከብዙ ምልልስ ይድናል። የመኪናው ሞዴል 60 ወይም 70 ስለ ተባለ ብቻ ራዲያተሩ አንድ አይደለም፤ የሞተሩ ዓይነት፥ የቱቦዎቹ አፍና የማሰሪያዎቹ ስፍራ ይለያያሉ፤ ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነም ዘይቱ የሚቀዘቅዝበት መስመር ሊኖረው ይገባል።

በመግጠሙ ጊዜ፥ ቀዝቃዛው ሞተር ውሃው ከወጣለት በኋላ፥ አዲሱ ከመግባቱ በፊት የሞተሩ ውስጥ ጥርት ብሎ ይታጠብ፤ አለዚያ የከረመው ዝገት አዲሱን በጥቂት ጊዜ ይደፍነዋል። በወጣ ገባ መንገድ ሻንሲው ሲጠማዘዝ ራዲያተሩን ከመቀደድ የሚጠብቁት ከሥሩ ያሉት የጎማ መደገፊያዎች ናቸውና፥ ከደረቁ አብረው ይለወጡ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን በብዙ ጋራዥ ማራገቢያውን የሚከበው ሽፋን ለሥራ ያስቸግራል ተብሎ መጣሉ ነው፤ እርሱ ከሌለ ማራገቢያው ከጎንና ከኋላ ያለውን የሞተር ሙቀት መልሶ ይስባል፥ በራዲያተሩ የሚያልፈው አየርም ያንሳል።

የሚሞላው የተጣራ ውሃና አንቲፍሪዝ እኩል ለእኩል ተቀላቅሎ ይሁን፤ የጉድጓድ ውሃ ጠጣር ማዕድኑን በየቱቦው ያስቀምጣል። መኪናው ፊቱን ወደ ዳገት አድርጎ፥ የካቢናው ማሞቂያ ተከፍቶ፥ ክዳኑ ሳይገጠም ሞተሩ ይነሣ፤ ቴርሞስታቱ በ82 ዲግሪ ገደማ ሲከፈትና የታመቀው አየር ሲወጣ ውሃው ዝቅ ስለሚል ይጨመርበት።

አንባቢ ሆይ፥ ከአሮጌው የወጣውን ፈሳሽ በግቢ አታፍስሰው፤ አንቲፍሪዝ ጣፋጭ ስለ ሆነ ውሾችና ሕፃናት ይቀምሱታል፥ ኩላሊትንም አጥፍቶ ይገድላል።