ለእርሻ ማስረጃ ስለሚያገለግሉ ሁለት ዓይነት የፎቶግራፍ መሣሪያዎች

ከየወረዳው ስለ እርሻ ጉዳይ የሚላከው ወረቀት ብዙ ነው። አዝመራውን ወፍ በላው፥ ስንዴውን ዋግ መታው፥ ማሳውን ጎርፍ ጠረገው የሚል ቃል ሲደርስ፥ ውሳኔ የሚሰጠው ሰው በስፍራው ስላልነበረ ነገሩን የሚያምነው በምስክር ነው። ከምስክሮችም ሁሉ በዛሬ ጊዜ እጅግ የሚታመነው ፎቶግራፍ ሆኗል። ነገር ግን ዐይኑ የደከመ ምስክር ቃሉ እንደማይጸና ሁሉ፥ ለሥራው በማይስማማ መሣሪያ የተነሣ ፎቶግራፍም ጉዳዩን ከማስረዳት ይልቅ ያጠራጥራል። ስለዚህ አገር የምታስተዳድሩና እርሻ የምታሳርሱ ሁሉ፥ ለመሣሪያ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የየመሣሪያውን ጠባይ ብታውቁት ይጠቅማል ብለን ይህን ጽፈናል።

ነገሩን እንድንመረምር ያነሣሣን በራሳችን የደረሰ ነው። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በሚገኝ አንድ የማሽላ ማሳ፥ እሸቱ ወተት በያዘበት ወራት፥ የወፍ መንጋ ወረደበት። እኛም ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከስፍራው ደርሰን፥ በእጃችን በነበረ አሮጌ ባለ ረጅም ዙም ካሜራ ብዙ ፎቶግራፍ አንሥተን ላክን። ከጥቂት ቀን በኋላ የመጣው መልስ፥ «የወፉ ዓይነት ስለማይለይ ሌላ ማስረጃ ይላክ» የሚል ነበር። ፎቶግራፉን እንደገና ስንመለከተው እውነትም ግራጫ ነጠብጣብ እንጂ ወፍ አይመስልም። ሌላ ማስረጃ እስኪዘጋጅ ድረስ ለባለማሳው የቀረለት አገዳው ብቻ ሆነ። ጥፋቱም የመሣሪያው አልነበረም፤ የማይችለውን ሥራ ያዘዝነው እኛ ነን።

የግሪሳ ወፍ አንዱ ክብደቱ 20 ግራም ያህል ቢሆን ነው፤ በቀን የሚበላው እህል ግን 10 ግራም ያህል ይደርሳል። አንድ ሚሊዮን ወፍ ያለበት መንጋ በአንድ ቀን 100 ኩንታል ያጠፋል ማለት ነው። እንግዲህ በማስረጃ ጉድለት ሦስት ቀን መዘግየት ምን ያህል ጥፋት እንደሚያመጣ ማንም ሊያሰላው ይችላል።

ስለ ሁለቱ ዓይነቶች

የመጀመሪያው ዓይነት ሌንሱ ከአካሉ ጋራ አንድ ሆኖ የተሠራ፥ የማይነቀል፥ ቅርቡንም ሩቁንም በዚያው ባንድ ሌንስ የሚያሳይ ነው። በትንሿ የኪስ ካሜራና በባለሙያው ካሜራ መካከል ስለሚቆም የድልድይ ካሜራ ተብሏል። ሁለተኛው መስታወት አልባ የሚባለው የባለሙያ ካሜራ ነው። ቀድሞ በባለሙያ ካሜራ ውስጥ፥ በሌንሱ የገባውን ብርሃን ወደ ተመልካቹ ዐይን የሚመልስ መስታወት ነበረበት። በዚህኛው ግን መስታወቱ ቀርቶ፥ ሰንሰር የሚባለው ብርሃን ተቀባይ ገበታ የተቀበለው ሥዕል በትንሽ የኤሌክትሮኒክ መስኮት ይታያል፤ ሌንሱም እንደ ሥራው ይለዋወጣል። ሆኖም የድልድይ ካሜራም መስታወት የለውምና፥ የሁለቱ ልዩነት በሰንሰሩ ስፋት፥ በሌንሱና በፍጥነቱ መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

ለምሳሌ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት እንውሰድ። ከአሮጌው ወገን በ2015 የወጣው ኒኮን ኩልፒክስ ፒ900 ነው። ከአዲሱ ወገን በ2021 የወጣው ኒኮን ዜድ9፥ ከእርሱም ጋራ በ2023 የወጣው ከ180 እስከ 600 ሚሊሜትር የሚደርሰው ሌንስ ነው። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ዋጋና ስለ ክብደት

ፒ900 ሲወጣ በአሜሪካ የተሸጠበት ዋጋ 600 ዶላር ያህል ነበር። ዜድ9 ሲወጣ 5,500 ዶላር ያህል፥ ሌንሱም 1,700 ዶላር ያህል ተሽጧል። ስለዚህ የአዲሱ ጠቅላላ ዋጋ በአሮጌው ዋጋ አሥራ ሁለት እጥፍ ነው። አሮጌው 900 ግራም ያህል ሲመዝን፥ አዲሱ ከነሌንሱና ከነሌንሱ ማሰሪያ ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። በበቅሎም ሆነ በእግር ወደ ሩቅ ቀበሌ ለሚሄድ ሠራተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ርቀት

ብዙ ሰው ካሜራን የሚመርጠው ሩቅ በማሳየቱ ነው። በዚህ በኩል አሮጌው ያስደንቃል። በባለሙያው ካሜራ ልክ ሲቆጠር እስከ 2,000 ሚሊሜትር ይደርሳልና፥ በ100 ሜትር ርቀት ካለው ስፍራ 1.8 ሜትሩን ብቻ ለይቶ ሥዕሉን ይሞላዋል፤ የአዲሱ ሌንስ ግን በ600 ሚሊሜትር 6 ሜትር ያህል ያሳያል። 12 ሳንቲሜትር ርዝመት ያላት ወፍ በአሮጌው ሥዕል ላይ 300 ያህል ነጥብ ስትይዝ፥ በአዲሱ የምትይዘው 165 ያህል ነው። ይህን ብቻ የተመለከተ ሰው አሮጌው በለጠ ይላል።

ነገር ግን የነጥብ ብዛትና የሥዕል ጥራት አንድ አይደሉም። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ጥቂት ይበተናል፤ ቀዳዳው እየጠበበ በሄደ መጠንም መበተኑ ይበዛል። ፒ900 እስከ መጨረሻው ሲሳብ የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ስፋት 55 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፥ የአዲሱ 95 ሚሊሜትር ያህል ነው። በዚህ ምክንያት በአሮጌው ሥዕል ላይ ከተቆጠሩት ነጥቦች ብዙዎቹ አዲስ ነገር አይጨምሩም፤ ጎረቤታቸው ያለውን ይደግማሉ። እንግዲህ ፀሐይ በደመቀች ጊዜ፥ ወፏም ሳትንቀሳቀስ ከተቀመጠች፥ ሁለቱ መሣሪያዎች ተቀራራቢ ሥዕል ይሰጣሉ ማለት ይቻላል። ለአሥራ ሁለት እጥፍ ዋጋ ይህ ትንሽ ብልጫ ነው።

ስለ ብርሃንና ስለ ፍጥነት

ልዩነቱ የሚገለጸው ብርሃን ሲያንስ ነው። ግሪሳ ይልቁን የሚመገበው በማለዳና ወደ ማታ ነው። በዚያን ጊዜ የሚበር ወፍ ለማንሣት ካሜራው ሥዕሉን ከሰከንድ አንድ ሺህኛ በማይበልጥ ጊዜ መውሰድ አለበት፤ በዚህች ቅጽበት የሚገባውም ብርሃን እጅግ ጥቂት ነው። ከአንዲቱ ወፍ ወደ አዲሱ ሌንስ የሚገባው ብርሃን ወደ አሮጌው ከሚገባው ሦስት እጥፍ ይሆናል። የአዲሱ ሰንሰር ስፋትም ከአሮጌው ሠላሳ እጥፍ ያህል ነው። አሮጌው ጥቂቱን ብርሃን አጉልቶ ለማሳየት ሲታገል ሥዕሉ እንደ አሸዋ ይሻክራል፤ ቀለሙም ይደበዝዛል። ወንዱ ግሪሳ የሚታወቀው በቀይ መንቁሩ ነው፤ የሴቷ መንቁር በመራቢያ ወራት ወደ ቢጫ ይለወጣል። ቀለም ከጠፋ እንግዲህ ምስክርነቱ ጠፋ።

እንደዚሁም ፒ900 ባንድ ሰከንድ ሰባት ሥዕል ቢያነሣም፥ ሰባቱን ከጨረሰ በኋላ እስኪመዘግባቸው ድረስ ይቆማል፤ መንጋው ግን አይጠብቀውም። ዜድ9 ባንድ ሰከንድ 20 ሥዕል ያልተነካካ ዋና መዝገቡን ሳያጎድል ያነሣል፤ የወፍንም ዐይን ለይቶ ይከተላል። ፒ900 ይህን ዋና መዝገብ፥ ጥሬ ፋይል የሚባለውን፥ አያስቀምጥም፤ የሚሰጠው ታምቆ የተዘጋጀ ሥዕል ብቻ ነው። በ2020 የወጣው ተከታዩ ፒ950 ግን ጥሬ ፋይል ማስቀመጥ ይችላል።

አሮጌው ስለሚበልጥበት

ስለዚህ አሮጌው ይጣል ማለታችን አይደለም። ፒ900 ከአንድ ሳንቲሜትር ርቀት ጀምሮ ያነሣልና፥ በስንዴ ቅጠል ላይ እንደ መስመር የተሰለፈውን ቢጫ ዋግ፥ በአገዳውም ላይ የወጣውን ቀይ ቡናማ የግንድ ዋግ አጥርቶ ያሳያል። ከላይ የተናገርነው የአዲሱ ሌንስ ግን ከ1.3 ሜትር የቀረበውን አያነሣም፤ ለዚህ ሥራ ሌላ ሌንስ መግዛት ያስፈልጋል። ሌንስ በሚቀየርበት ጊዜም የአውድማ አቧራ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ የማይነቀለው ከዚህ ጭንቀት ያርፋል። የተሸረሸረ መሬት፥ የፈረሰ እርከን፥ የተጎዳ ከብት፥ የሞላ ጎተራ በቀን ብርሃን ለማንሣት አሮጌው ይበቃል።

ሁለቱም የማይችሉት ነገር ደግሞ አለ። በቀትር መሬቱ ሲግል ከላዩ ያለው አየር ይርገበገባል፤ በዚያ አየር ውስጥ ከሩቅ የታየ ሁሉ ይወላገዳል። ይህን ማንኛውም ሌንስ፥ ዋጋው የቱንም ያህል ቢሆን፥ አያቃናውም። መፍትሔው በማለዳ መነሣት ወይም መቅረብ ነው።

ምክር

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ይህ ነው። ለየወረዳው አንድ የድልድይ ካሜራ ይበቃል፤ ከዚህ የሚበልጥ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። አዲሱ የባለሙያ ካሜራ ለብዙ ወረዳዎች ባንድነት በሚያገለግል ስፍራ፥ በተማረ ሰው እጅ ይቀመጥ፤ የወፍ መንጋ በታየ ጊዜ፥ ወይም ነገሩ በማለዳና በማታ ብርሃን መመስከር ሲኖርበት ይላክ። ሥራ ለሠሪው፥ እሾህ ላጣሪው እንዲሉ፥ ውድ መሣሪያ ካልሠለጠነ ሰው እጅ ቢገባ ገንዘቡ በከንቱ ጠፋ ማለት ነው።

በማናቸውም መሣሪያ ቢሆን ግን እነዚህን መጠበቅ ይገባል። የካሜራው ሰዓትና ቀን አስቀድሞ ይስተካከል። መጀመሪያ ማሳው በሙሉ፥ ቀጥሎ የተጎዳው ክፍል፥ በመጨረሻም ዘለላው ወይም ቅጠሉ በቅርብ ይነሣ። ልኩ እንዲታወቅ በአጠገቡ መለኪያ ይቀመጥ። ሩቅ ሲነሣ ካሜራው በእጅ ብቻ አይያዝ፤ በሦስት እግር ማቆሚያ ወይም በአጥር እንጨት ላይ ይደገፍ። የተነሣውም ሥዕል ሳይነካካ በሁለት ስፍራ ይቀመጥ፤ የቦታው ስምና ያነሣው ሰው ስም ይጻፍበት።

ያ ባለማሳ ያጣው እህል የጠፋው ካሜራ ስላልነበረን አይደለም፤ ካሜራውስ ነበረን። የጎደለን የትኛው መሣሪያ በምን ሰዓት እንደሚያገለግል ማወቅ ነበር። ይህንንም ከእኛ ስሕተት አስቀድሞ የሚማር ሹምና ባለእርሻ፥ ከየቀበሌው ለሚጮኸው ገበሬ የሚታመን ምስክር ያቆምለታል።