ዓይን ይራባል?

ሠርግ ቤት ጠግቦ ሳለ የጎረቤቱን ሳህን አፍጥጦ የሚያይ ልጅ «ዓይኑ ነው የራበው» ይባላል። አነጋገሩ ቀልድ ቢመስልም የአእምሮ ተመራማሪዎች ለዓመታት ሲያገላብጡት የኖሩት ጥያቄ ነው። ምግብ ስናይ የሚራበው ማን ነው? ዓይን በራሱ ወይስ ሆድ የላከው ዓይን?

በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ኮርቢን ካኒንግሃምና ሃዋርድ ኤጌት የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን ኮምፒዩተር ፊት አስቀምጠው ትኩረት የሚጠይቅ ሥራ ሰጧቸው። በስክሪኑ ላይ ከተደረደሩ ምልክቶች መሃል የተባሉትን ፈልጎ ማግኘት ነው፤ ስለ ምግብ የተነሳ ነገር የለም። ይሁንና በስክሪኑ ዳር አልፎ አልፎ ፎቶ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። አንዴ ዶናት፣ ቺፕስ ወይም አይብ፣ ሌላ ጊዜ ካሮት፣ ፖም ወይም ሰላጣ፣ አንዳንዴም ብስክሌት። ምን እንደነበረ በቅጡ ሳይታወቅ ነው የሚያልፈው። ቢሆንም ቅባትና ስኳር የበዛባቸው ምግቦች ከእነ ካሮት እጥፍ ያህል ሐሳብ ሰረቁ። ለጤና ተስማሚ የሚባለው ምግብ ደግሞ ከብስክሌቱ የበለጠ ዓይን አልሳበም። ሰላጣ ወዳጆችን የሚያስከፋ ውጤት ነው።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው በዚሁ ጥናት፣ ሌሎች ተሳታፊዎች ሥራውን ከመጀመራቸው በፊት ሁለት ትናንሽ ቸኮሌት እንዲበሉ ተደረገ። በቃ፣ የዶናቱ ጉልበት ጠፋ! ከፖምም ከብስክሌትም የተለየ ነገር አልሆነላቸውም። ሁዳዴ ሲጋመስ የሥጋ ቤት ታፔላ ላይ የተሳለ በሬ አላሳልፍ ያለው ጾመኛ ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያሻውም።

ታዲያ ሆድ ለዓይን መልእክቱን የሚልከው በምንድን ነው? አንዱ መልእክተኛ ግሬሊን የተባለው ሆርሞን ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ያገኙት ይህ ሆርሞን በአብዛኛው የሚመነጨው ከጨጓራ ሲሆን ሆድ ሲጎድል መጠኑ ከፍ ይላል። በካናዳ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ሆርሞን በደም ሥር ሰጥተው የምግብ ፎቶ ሲያሳዩ፣ ለአንድ ነገር ዋጋ በመስጠትና ስሜት በመቀስቀስ የሚታወቁ የአንጎል ክፍሎች፣ ከእነዚህም አሚግዳላ፣ ይበልጥ ነቁ። ወሬው ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይሄድም። እ.ኤ.አ. በ2012 በጀርመን ሙኒክ በ8 ጤነኛ ወንዶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ የምግብ ፎቶ ማየቱ ብቻ በደማቸው ውስጥ ያለውን ግሬሊን ከፍ አድርጎታል። ስምንት ሰው ጥቂት ነው፤ ግን ማስታወቂያ ሠሪዎች ይህን ቢያነቡ ደስ እንደሚላቸው አልጠራጠርም።

ዓይንም ቢሆን ለብቻው የያዘው ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ2022 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች፣ በሺህ የሚቆጠሩ ልዩ ልዩ ፎቶዎችን ያዩ ሰዎችን የአንጎል ምስል መርምረው፣ በእይታ ክፍሉ ውስጥ ለምግብ ብቻ ጎላ ያለ ምላሽ የሚሰጡ የነርቭ ሴሎች እንዳሉ አመለከቱ። ነገሩ የቀለምና የቅርጽ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሙዝና ማጭድ የመሰለች ቢጫ ጨረቃ እጅግ ቢመሳሰሉም ጠንከር ያለ ምላሽ የሚያገኘው ሙዙ ነው።

አንዴ ዓይን የያዘውን ደግሞ ትዝታ በቀላሉ አይለቀውም። በኔዘርላንድ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ 512 ሰዎች 8 የምግብ ናሙናዎች እዚህም እዚያም በተቀመጡበት ክፍል ውስጥ እየዞሩ ከፊሉ እንዲቀምሱ፣ ከፊሉ እንዲያሸቱ ተደረገ። በመጨረሻ ሳይጠብቁት «የትኛው የት ነበር?» ተብለው ተጠየቁ። ካሎሪ የበዛባቸውን ምግቦች ቦታ ከሌሎቹ በ27 በመቶ ገደማ በተሻለ ትክክለኛነት አመለከቱ፤ ምግቡን ወደዱትም ጠሉትም። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ፍሬ እየለቀሙና እያደኑ ይኖሩ ከነበሩ ጥንታዊ ሰዎች ጋር ያያይዙታል፤ ጉልበት የሚሰጠው ምግብ ያለበትን ያልረሳ እሱ ተረፈ ነው ነገሩ። ወደ ኋላ ተመልሶ ማረጋገጥ የማይቻል ግምት ቢሆንም ያሳምናል።

ረሃቡ ሲጸና ምን እንደሚሆን ያሳዩት ግን በአሜሪካ ሚኒሶታ በተደረገ ሙከራ የተካፈሉ ወጣቶች ናቸው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል፣ በረሃብ የተጎዳውን ሕዝብ እንዴት መመገብ እንደሚሻል ለማወቅ፣ ሳይንቲስቱ አንሰል ኪስ ለውትድርና ኅሊናቸው ያልፈቀደላቸውን 36 ፈቃደኛ ወንዶች ለ24 ሳምንታት ከወትሮው ግማሽ ያህሉን ብቻ እንዲበሉ አደረገ። ሰዎቹ የምግብ አሠራር መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ ያነብቡ፣ የወጥ አሠራር ይገለብጡ ጀመር። ከመካከላቸው አንዱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲያስታውስ፣ ሲኒማ ቤት ገብተው የፍቅሩን ትዕይንት ችላ ብለው ተዋንያኑ መቼ እንደበሉና ምን እንደበሉ ነበር ልብ የሚሉት።

ይሁንና ማየት ሁልጊዜ አያስርብም። በአሜሪካ ካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ፣ 30 የቸኮሌት ከረሜላ አንድ በአንድ ሲበሉ በሐሳባቸው እንዲስሉ የተደረጉ ሰዎች፣ ቆይቶ እውነተኛው ከረሜላ ሲቀርብላቸው 3 ብቻ ካሰቡት ያነሰ በሉ። በፎቶም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በሌላ ጥናት ተሳታፊዎች የ60 ምግቦችን ፎቶ እያዩ ምን ያህል እንደሚያስጎመጅ ነጥብ ሰጡ፤ ለአንዱ ቡድን ሁሉም ጣፋጭ፣ ለሌላው ሁሉም ጨዋማ ነበር። ከዚያ ለሁሉም ለውዝ ቀረበላቸው። ጨዋማውን ሲያዩ የቆዩት ለውዙን ሲበሉ ጣፋጩን ካዩት ያነሰ ጣማቸው። ለውዝ ግን ከፎቶዎቹ መሃል አልነበረም።