ከመግፋታችሁ በፊት እዩት! የዩኤስቢ ፖርቶችን እንወቅ

የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ስለ ኮምፒውተር ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ነገሩ ግን ከሥራዬ አይርቅም። በማገለግልበት የወጣት ማዕከል ብዙ ተማሪዎች ጥቂት ኮምፒውተሮችን ወረፋ ጠብቀው ይጠቀማሉ። አንዱ ፍላሹን በግድ ሲሰካ የፖርቱ ምላስ ይሰበራል። ከዚያ በኋላ የሚጎዳው ሰባሪው ብቻ አይደለም፤ ተራ የያዘው ሁሉ ነው። ስለዚህ እስቲ ዛሬ ስለ ዩኤስቢ እናውራ። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከየት መጣ?

ዩኤስቢ በ1996 ይፋ ከመሆኑ በፊት ለኪቦርድ አንድ፣ ለፕሪንተር ደግሞ ሌላ ሰፊ መሰኪያ ነበር። ሰባት ኩባንያዎች ተባብረው ይህን ሁሉ በአንድ ዓይነት ለመተካት ተነሡ። ታዲያ ዓላማው አንድ ማድረግ ከሆነ ዛሬ ለምን ብዙ ዓይነት እናያለን? ቅርጽና ፍጥነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ነው።

ቅርጹን እወቁ

ታይፕ ኤ ፍላሽና ማውዝ የምንሰካበት ጠፍጣፋው ፖርት ነው። በአንድ በኩል ብቻ ይገባል። እምቢ ካለ ገልብጡት እንጂ አትግፉት።

ታይፕ ቢ ወደ ካሬ የቀረበ ሲሆን የላይኛው ሁለት ጥጎቹ የተከረከሙ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ፕሪንተር ላይ ይገኛል።

ማይክሮ ዩኤስቢ በቆዩ ስልኮች ላይ የምናውቀው ትንሹ ነው። እሱም በአንድ በኩል ብቻ ይገባል።

ታይፕ ሲ በ2014 የወጣ፣ ጫፎቹ ክብ የሆኑ፣ በሁለቱም በኩል የሚገባ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በገበያው ለሚቀርቡ፣ በገመድ ቻርጅ ለሚደረጉ አዳዲስ ስልኮች ግዴታ አድርጎታል።

ፍጥነቱን እወቁ

በ2000 የወጣው ዩኤስቢ 2.0 በሰከንድ እስከ 480 ሜጋቢት ያስተላልፋል። በ2008 የመጣው 3.0 ደግሞ እስከ 5 ጊጋቢት፤ ይህም ከአሥር እጥፍ በላይ ማለት ነው። ታይፕ ኤ ከሆኑ ሁለቱ እርስ በርስ ይሰካሉ፤ ፍጥነቱ ግን በደካማው ልክ ይሆናል።

እንዴት ትለዩታላችሁ? በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የ3.0 ፖርት ምላስ ሰማያዊ ነው። ሁሉም አምራች ቀለሙን ስለማይከተል ግን በአጠገቡ «ኤስኤስ» የሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት መኖራቸውን እዩ። ለኪቦርድና ለማውዝ 2.0 ይበቃቸዋል፤ ፈጣኑን ለፍላሽና ለሃርድ ዲስክ ተዉት። ኃይልም ይለያያል፦ መደበኛው 2.0 እስከ 500፣ 3.0 ደግሞ እስከ 900 ሚሊአምፒር ይሰጣል። ሃርድ ዲስካችሁ አልነሣ ካለ ተበላሽቷል ከማለታችሁ በፊት ፖርቱን ቀይሩለት።

ታይፕ ሲም ቢሆን ያው ነው። መልካቸው አንድ ሆኖ አንዱ ምስል ወደ ስክሪን ያስተላልፋል፣ ሌላው አያስተላልፍም። ቅርጹ «ይገባል» ይላችኋል እንጂ «ይሠራል» አይላችሁም።

በመጨረሻም፣ ፋይል እየተገለበጠ ሳለ ፍላሽ አትንቀሉ፤ የሳምንት አሳይመንታችሁ በሰከንድ ሊጠፋ ይችላል። መጀመሪያ ከኮምፒውተሩ ላይ «ይውጣ» ብላችሁ እዘዙ፣ ከዚያ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ከኋላችሁ ወረፋ የያዘ ወንድምና እህት አለና፣ ፖርቱን እንደ ራሳችሁ ንብረት ያዙት።

ቸር እንሰንብት!